ድምፅን ስለ ማረቅ

እግዚአብሔር ለዓይን ክዳን ሰጥቶታል፤ ዓይን ማየት ያልወደደውን ነገር ባገኘ ጊዜ ቆቡን ይከድናል። ለጆሮ ግን መዝጊያ አልተሠራለትም። እኛ ተኝተን እንኳ ጆሯችን እንደ ዘብ ቆሞ ያድራል፤ የሕፃን ልቅሶ፣ የበር ኳኳታ፣ የሌሊት ደወል ከእንቅልፍ የሚያነሣን በእርሱ በኩል ነው። ነገር ግን በሩ ዘወትር ክፍት የሆነ ቤት የገባውንና የወጣውን ሁሉ እንደማይቈጥር፣ ጆሮም ዘወትር ስለሚሰማ ማዳመጥን ይዘነጋል። መስማት የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ ማዳመጥ ግን የትምህርት ፍሬ ነው። እኛም ይህንን ለመረዳት ዕድሜያችን ዐርባ ዓመት ካለፈ በኋላ እንደ ጀማሪ ተማሪ መቀመጥ ግድ ሆነብን። ያስቀመጠንም ትምህርት በአብነት ትምህርት ቤትም ሆነ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ያላገኘነው፣ ፈረንጆች ማስተሪንግ የሚሉት፣ የተቀረጸ ድምፅ ወደ ሰሚው ከመድረሱ በፊት የሚደረግለት የመጨረሻ ማረቂያ ነው።

ውድ አንባብያን፣ «የፊደልና የዜማ ሰው ከዚህ የመኪና ሥራ ውስጥ ምን አገባው?» ትሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና አመጣጡን ከሥሩ እንነግራችኋለን። የምንነግራችሁም ሙያ አለን ብለን አይደለም፤ ያጠፋነውን ጥፋት ሌላው እንዳይደግመው ብለን ነው።

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ተማሪዎቻችን የተማሩትን እንዳይረሱ በማሰብ ትምህርቱን በእጅ ስልካችን እየቀረጽን እንልክላቸው ጀመር። የመጀመሪያውን ቅጂ መልሰን ስንሰማው አፈርን። ድምፃችን ከጕድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ከበስተኋላው ፍሪጁ እንደ ንብ ቀፎ ያጕረመርማል፤ የጎረቤት ዶሮም ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ በየመካከሉ እየገባ አራት ነጥብ ያደርግበታል። ባለቤታችን ይህንን ሰምታ፣ «ልጆቹ ትምህርቱን ይማሩት እንደ ሆነ አላውቅም፤ የቤታችንን ዕቃ ግን አንድ በአንድ ያውቁታል» ብላ ሣቀችብን።

ይህ ቀልድ ከልባችን ገባ። ከደመወዛችን ጥቂት ጥቂት ቆጥበን አንድ ማይክሮፎን ገዛን። ልጃችንም ኦዳሲቲ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣውንና ያለ ዋጋ የሚገኘውን የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ከኮምፒዩተራችን ላይ ጫነችልን። ከአንዲት ጠባብ ክፍል ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስና ጋቢ ሰቀልን፤ ከበሩ ላይ ፍራሽ አቆምን፤ ለስላሳ ነገር ድምፅን ውጦ ስለሚያስቀር የክፍሉ ጩኸት ጠፋልን። ክረምት ሲገባ ግን በቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ከበሮ ስለሚሆንብን፣ ሥራችን ሁሉ ዝናቡ ጋብ በሚልበት በሌሊት፣ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ ንጋት ብቻ ሆነ። እንዲህም ሆኖ በስድስት ወር ውስጥ ንጹሕ ድምፅ መቅረጽ ለመድን። ሰው ጥቂት ሲያውቅ ብዙ ያወቀ ይመስለዋልና፣ እኛም ባለሙያ የሆንን መሰለን።

በልጅነታችን ድጓ ያስተማሩን የኔታ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ዓመት አልፎ ነበር። እግራቸው ደክሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት በሰው ትከሻ ተደግፈው ነው፤ ድምፃቸው ግን ገና አልደከመም፤ መቋሚያቸውን ይዘው ሲቆሙ የሚሰማው የሽማግሌ ድምፅ አይመስልም ነበር። ከእርሳቸው የተማሩት ብዙዎች ሆነው ሳለ፣ የእርሳቸው የራሳቸው ዜማ በአንድ ካሴት እንኳ አልተቀዳም። «ይህ ድምፅ ከእርሳቸው ጋር ወደ መቃብር ሊወርድ ነውን?» የሚል ዐሳብ እንቅልፍ ነሣን። ስለዚህ በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም.፣ በወርኃ ጽጌ፣ ማይክሮፎናችንን ይዘን ከቤታቸው ሄድንና ፈቃዳቸውን ለመንን። እርሳቸውም ማይክሮፎኑን ወደ ብርሃን አቅርበው አገላብጠው ከተመለከቱት በኋላ፣ «ልጄ፣ ድምፄን አይደለም፤ ዜማውን ያዝ። ድምፁ የእኔ ነው፤ ዜማው ግን ከአባቶቻችን የተቀበልነው ነው» አሉን። ሦስት ሌሊት እየሄድን ሁለት ሰዓት ያህል ቀረጽን።

እስከዚህ ድረስ ያደረግነው ሁሉ መልካም ነበር። ጥፋታችን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ቅጂውን ከኮምፒዩተሩ ላይ ከገለበጥን በኋላ፣ ያለንን መሣሪያ ሁሉ ልንሠራበት ተነሣን። መጀመሪያ ጫጫታ መቀነሻውን አመጣን። ይህ መሣሪያ ዘማሪው ዝም ባለበት ቦታ የሚሰማውን ጫጫታ ናሙና ወስዶ ከጠቅላላው ድምፅ ላይ የሚቀንስ ነው፤ በልክ ሲሠሩበት ይጠቅማል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ከራሱ ከድምፁም ሥጋ ይቈርሳል። ቀጥለን ኢኳላይዘር በሚባለው፣ የቀጭኑንና የወፍራሙን ድምፅ ሚዛን በሚያስተካክለው መሣሪያ ቀጭኑን ጨመርን፤ ድምፁ የበራ መሰለን። ሦስተኛ፣ ኮምፕሬሰር በሚባለው፣ የጎላውን ዝቅ እያደረገ በጎላውና በለሰለሰው መካከል ያለውን ርቀት በሚያጠበው መሣሪያ ጨመቅነው። በመጨረሻም ሊሚተር በሚባለው፣ ድምፅ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ በሚያግደው መሣሪያ ጣሪያ ሠርተን፣ ድምፁን በ12 ዴሲቤል ወደ ላይ ገፋነው። በየመካከሉ የሚሰማውን ትንፋሽ፣ ሳልና የመቋሚያ ኳኳታ ደግሞ አንድ በአንድ እየቈረጥን ጣልን።

ሥራው ሲፈጸም ድምፁ ቤቱን ሞላው። ከዚህም አልፈን ከመግቢያው ላይ «ቀርጾ ያቀናበረው» ብለን በገዛ ድምፃችን ስማችንን አስገባንበት። በፍላሽ እየገለበጥን ለዘመድ ለወዳጅ አደልነው፤ ሰውም ሁሉ «ከስቱዲዮ የወጣ ይመስላል» እያለ አመሰገነን። በዚሁ ሰሞን ኮምፒዩተራችን ሞልቶ ቦታ አልበቃ ስላለው፣ «የተስተካከለው ካለን ያልተስተካከለው ምን ያደርግልናል?» ብለን ጥሬውን ቅጂ ደመሰስነው። ይህንን ያደረግነው በአንዲት ጣት ጫና፣ የአንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ እንኳ ሳይፈጅብን ነው።

በታኅሣሥ ወር ሥራችንን ለየኔታ ልናሰማ ሄድን። ጥምጥማቸውን አውልቀው ከጕልበታቸው ላይ አኖሩና የጆሮ ማዳመጫውን አደረግንላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ረዥም ጊዜ አዳመጡ። ምስጋና ስንጠብቅ፣ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አወጡና፣ «ዜማው የእኔ ነው፤ ሰውዬው ግን ማን ነው?» አሉን። የሚያሾፉ መስሎን ፈገግ አልን። እርሳቸው ግን አልሣቁም። «ልጄ፣ ትንፋሼን የት ጣልከው?» ብለው ጠየቁን። ዜማው ጠርቶ እንዲሰማ ብለን መቍረጣችንን ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «የሚዘምር ሰው ይተነፍሳል። አንተ ከእግሬ ሥር ተቀምጠህ ስትማር፣ የት እንደምተነፍስ እያየህ አይደለም ወይ የተማርከው? ይህ ሰው አይተነፍስም፤ ስለዚህ ማንንም አያስተምርም። ድፋቱም አልወረደም፤ ሁሉም እኩል ይጮኻል» አሉን።

የኔታ ዴሲቤል የሚባለውን ነገር ከቶ ሰምተውት አያውቁም። ነገር ግን ጥፋታችንን ከመለኪያ መሣሪያ ይልቅ አጥርተው አወቁት። ድፋት ድምፅ ዝቅ የሚልበት ምልክት ነው፤ ደረት ከደረት የሚወጣበት፣ ርክርክ የሚንቀጠቀጥበት ነው። እኛ ግን በኮምፕሬሰሩና በሊሚተሩ ኮረብታውንና ሸለቆውን ደልድለን አንድ ሜዳ አድርገነው ነበር። ሊቃውንቱ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በፊደሉ አናት ላይ ያኖሯቸው ምልክቶች ለመለየት የተሠሩ ሆነው ሳለ፣ እኛ በአንድ ሌሊት ሥራ ልዩነታቸውን አጠፋነው።

«ጥሬው እንደ ገና ይስተካከላል» ብለን ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ጥሬው እንደሌለ ትዝ አለን። ያገኘነውን ማስመለሻ ፕሮግራም ሁሉ ሞከርን፤ በተደመሰሰው ቦታ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎበት ስለ ነበር አልተገኘም። «ከጾሙ በኋላ እንደ ገና እንቀርጻለን» ብለን ቀጠሮ ያዝን። በጾሙ መካከል የኔታ ታመሙ፤ ድምፃቸውም አልተመለሰም። በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ዐረፉ። እኛም በቀብራቸው ላይ ቆመን፣ በየሰው ስልክ የሚጮኸው ያ የማይተነፍስ ሰው የእርሳቸው መታሰቢያ ሆኖ መቅረቱን ስናስብ፣ ራሳችንን ቀና ማድረግ አቃተን።

ከዚያ ወዲህ ነው በእውነት መማር የጀመርነው። መጀመሪያ የጠየቅነውም ጥያቄ «ማስተሪንግ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ድምፅ ከአፍ ወጥቶ ከሰሚ ጆሮ እስኪደርስ በሦስት እጅ ያልፋል። የመጀመሪያው እጅ ይቀርጻል። ሁለተኛው እጅ፣ በተለያየ ማይክሮፎን የተቀረጸ እንደ ሆነ፣ ያዋሕደዋል፤ ይህም ሚክሲንግ ይባላል። ሦስተኛው እጅ የተዋሐደውን ተቀብሎ እንደ ባዕድ ሰው ሆኖ ያዳምጥና፣ በየትም ቦታ በማናቸውም መሣሪያ በደኅና እንዲሰማ ጥቂት አርሞ ያስረክባል። ማስተሪንግ ማለት ይህ ነው። እኛ ሦስተኛውን እጅ አለቃ አድርገነው ነበር፤ እርሱ ግን በር ጠባቂ ነው።

ታሪኩም ይህንን ይመሰክራል። ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ፎኖግራፍን ሲሠራና ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን፣ ድምፅ ከአፍ በቀጥታ ይቀረጽ ስለ ነበር በመካከል የሚገባ እጅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1948 የአሜሪካው አምፔክስ ኩባንያ የራሱን የመጀመሪያ የቴፕ መቅረጫ ለገበያ አወጣ፤ በዚያው ዓመት ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ ረዥም ሰዓት የሚጫወተውን ሸክላ አወጣ። ስለዚህ ከቴፕ ወደ ሸክላ የሚያሻግር ሰው አስፈለገ። ወፍራሙ ድምፅ ከበዛ የሸክላው ቦይ ይሰፋና መርፌው ይዘላል። ስለዚህ አሻጋሪው ወፍራሙን ቀንሶ ቀጭኑን ጨምሮ ይቀርጻል፤ ማጫወቻው ደግሞ መልሶ ያቃናዋል። የዚህም ልክ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 አንድ ወጥ ሆኖ ተደነገገ። እንግዲህ የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ሥራው ማሳመር ሳይሆን፣ ሸክሙ ሳይደፋ ወንዙን ማሻገር ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ቅጂ ስለ መጠበቅም ከገዛ ታሪካችን ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የተቀረጸ ቃል ልከው ነበር፤ ያ ቅጂ ግን ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ታዝዞ ስለ ነበር ተደመሰሰ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ በ1899 የመለሱት ቃል ግን አልጠፋም። ጫጫታው የበዛ ቢሆንም፣ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አልፎ እነሆ ድምፃቸው ዛሬም ይሰማል። ጫጫታ ያለበት እውነተኛ ድምፅ ካልተገኘ ንጹሕ ድምፅ ይሻላል፤ ይህንን እኛ ዘግይተን ተማርን።

ሁለተኛው ትምህርታችን ጆሮ እንደሚታለል ማወቅ ነው። ሃርቪ ፍሌቸርና ዊልደን ማንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ድምፅ ሲለሰልስ ወፍራሙንና እጅግ ቀጭኑን አሳንሶ ይሰማል፤ ሲጎላ ግን ሁሉንም ሞልቶ ይሰማል። ስለዚህ ያው አንዱ ድምፅ ጥቂት ከፍ ሲል የተሻለ ይመስለናል። መሣሪያ በነካን ቍጥር «አማረ!» ያልነው፣ አምሮ ሳይሆን ጎልቶ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የታረቀውንና ያልታረቀውን በእኩል ጕልህነት አድርጎ እያፈራረቁ ማዳመጥ ነው። እኛ ይህንን ባደረግን ጊዜ፣ ከአሥር እርማታችን ስምንቱ ጥቅም የሌለው ሆኖ አገኘነው።

በዚህ ስሕተት የወደቅነው እኛ ብቻ አይደለንም። ከ1990ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት ጀምሮ በሙዚቃ ነጋዴዎች መካከል የጕልህነት ጦርነት የሚባል ፉክክር ተነሥቶ ነበር። በዲጂታል ቅጂ ላይ ጣሪያው ዜሮ ዴሲቤል ነው፤ ከዚያ ያለፈው የሞገድ ጫፍ ይቈረጣል። ጣሪያው የማይነሣ ስለ ሆነ፣ የለሰለሰውን ወደ ጣሪያው እየገፉ ሁሉን አስጮኹት። ሜታሊካ የተባለው የአሜሪካ ጓድ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው «ዴዝ ማግኔቲክ» የተባለ አልበም ከመጨመቁ የተነሣ፣ የገዛ ወዳጆቹ አቤቱታ እስከ መፈረም ደረሱ። ሊቃውንቱም መላ ፈለጉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የጕልህነትን መለኪያ ደነገገ፤ በ2010 የአውሮፓ የሥርጭት ኅብረት ለራዲዮና ለቴሌቪዥን ልኩ ከዜሮ በታች 23 ላፍስ እንዲሆን ወሰነ። ላፍስ የአንድ ሙሉ ቅጂ ጕልህነት በሰው ጆሮ አሰማም የሚለካበት ነው። ስፖቲፋይ የተባለው የሙዚቃ አቅራቢም ከዜሮ በታች 14 ላፍስን ልክ አድርጎ፣ ከዚህ በላይ የሚጮኸውን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። የጮኸ ሁሉ ዝቅ ይደረጋል፤ የጨመቀው ጭማቂውን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ ትምህርት ሊሆን አይገባም ነበር። ብራና የሚፍቅ ሰው ቈዳውን ሲፍቅ እያደር ይነጣለታል፤ ንጣቱ አስደስቶት ያለ ልክ የፋቀ እንደ ሆነ ግን ይበሳበታል፤ የተበሳ ብራና ደግሞ ቢሰፋም ስፌቱ ዘወትር ይታያል። ነቢዩ ኤልያስም በተራራው ላይ የአምላኩን መገኘት ያወቀው በዐውሎ ነፋሱ፣ በምድር መናወጡና በእሳቱ ሳይሆን በትንሹ ድምፅ መሆኑን በሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናት ስናስተምር ኖረናል። ሆኖም ድምፅ ማጉያ ስናገኝ እስከ መጨረሻው ካልከፈትነው ሥራ የሠራን አይመስለንም። የሌላውን መንቀፋችን አይደለም፤ ስለ ራሳችን ነው የምንናገረው።

ሦስተኛው ትምህርታችን የሌላ ሰው ጆሮ አስፈላጊ መሆኑን ማወቅ ነው። የድጓ ተማሪ ምንም ያህል ዓመት ቢማር፣ መጽሐፉንም በገዛ እጁ ቢጽፍ፣ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ ትምህርቱ አልተፈጸመለትም። እዚያ ያለው መምህር ተማሪውን አላሳደገውም፤ ድካሙንም አያውቅም፤ ስለዚህ የሚፈርደው በሰማው ብቻ ነው። በማስተሪንግም ሥራ ባለሙያዎቹ የራስህን ቅጂ ራስህ አትረቅ የሚሉት ስለዚህ ነው። ቀራጩ የደከመበትን ስለሚወድ፣ በጆሮው የሚሰማው ድምፁን ሳይሆን ድካሙን ነው።

አሁን ወደ ታሪካችን እንመለስ። በ2016 ዓ.ም. ልጃችን ስልኳን ልትለውጥ የድሮውን ስልክ ስታጸዳ፣ «አባባ፣ ይህ የየኔታ ድምፅ አይደለም ወይ?» ብላ ጠራችን። በመጨረሻዋ ሌሊት ከእኛ ጋር መጥታ ኖሮ፣ ለአክስቷ ልትልክ ብላ በስልኳ ሰባት ደቂቃ ቀርጻለች። ማይክሮፎን የለ፤ ብርድ ልብስ የለ፤ እርሷ የነበረችው ከበሩ አጠገብ ነው። ነገር ግን የኔታ ነበሩበት፤ ይተነፍሳሉ፣ ይስላሉ፣ መቋሚያቸውን ያኖራሉ። ልጃችንን አቅፈን ለረዥም ጊዜ መናገር አቃተን።

በዚያን ቀን ምንም አልነካንም። መጀመሪያ ያደረግነው ነገር ሦስት ግልባጭ አውጥተን በሦስት ቦታ ማኖር ነው። ከዚያም ሰባቱን ደቂቃ ለማረቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብን፤ በመጨረሻ የቀረው እርማት ሲቈጠር ግን ሦስት ብቻ ነው። ከ60 ኸርዝ በታች የነበረውን የሩቅ መኪና ጕርምርምታ ቀነስን፤ ስልኩ አጋኖት የነበረውን ሻካራ ቀጭን ድምፅ በ2 ዴሲቤል ዝቅ አደረግን፤ ጠቅላላውን በ4 ዴሲቤል ከፍ አድርገን ጫፉ ከጣሪያው በታች እንዲቀር ተውነው። ዶሮውንም ተውነው፤ በዚያች ሌሊት እርሱም ነበረና። ከዚህ በኋላ ጥሬውንና የታረቀውን በእኩል ጕልህነት አድርገን፣ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ሳንናገር፣ ከእኛ ጋር ድጓ ለተማረና ዛሬ በሌላ አገር መሪጌታ ለሆነ ጓደኛችን ላክንለት። መልሱም «ሁለተኛው ለጆሮዬ ጥቂት ቀለለኝ፤ የተለወጠውን ግን ፈልጌ አጣሁት፤ ሁለቱም የኔታ ናቸው» የሚል ነበር። በሕይወታችን ከተመሰገንንባቸው ምስጋናዎች ሁሉ ይህ በለጠብን። በዚህኛው ቅጂ ላይ ስማችን የለም።

እንግዲህ በቤታችሁ የአያት፣ የአባት ወይም የመምህር ድምፅ ልትቀርጹ የምታስቡ ወገኖቻችን ሆይ፣ ከጥፋታችን የተማርነውን በአጭሩ እንንገራችሁ። ለመቅረጽ ውድ መሣሪያ አትጠብቁ፤ ሰው መሣሪያ እስኪገዛለት ድረስ አይቆይም። ፍሪጁን አጥፉ፤ መጋረጃና ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ድምፁ ሲበረታ መለኪያው ከዜሮ በታች ከ12 እስከ 6 ዴሲቤል እንዲደርስ አድርጉ፤ የተቈረጠ ጫፍ አይመለስምና። ከመጀመራችሁ በፊት ዐሥር ሰከንድ ዝምታ ቅረጹ፤ ጫጫታውን ለመለየት ይረዳል። ጥሬውን ቅጂ እንደ መጽሐፍ ቅጠል አክብራችሁ ከሁለት ቦታ በላይ አኑሩ፤ እርማትን ሁሉ በግልባጩ ላይ ብቻ ሥሩ። የታረቀውን በስልክም፣ በትንሽ ራዲዮም፣ በመኪናም አዳምጡት። ጆሮ ይደክማልና ማታ የወደዳችሁትን ጧት እንደ ገና ስሙት። ልጆቻችሁም የጆሮ ማዳመጫ ሲያደርጉ ልክ ይኑራቸው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው እንኳ የሚመክረው በ80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳያልፍ ነው። ጆሮ እንደ ጥሬ ቅጂ ነው፤ ከጠፋ ግልባጭ የለውም።

የተናገርነውን በአንድ ነገር እንፈጽም። የየኔታ ባለቤት ከዕረፍታቸው በኋላ ቆብ ደፍተው ዛሬ እማሆይ ተብለው ይኖራሉ። ያንን የመጀመሪያውን፣ የሚጮኸውን ቅጂ በሰጠናቸው ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀብለውን ነበር፤ በኋላ እንደ ሰማን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልከፈቱትም። ሰባቱን ደቂቃ ይዘን ሄደን በአንዲት ትንሽ ራዲዮ አሰማናቸው። ነጠላቸውን ከፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው፣ አቀርቅረው ያዳምጡ ነበር። ከአምስተኛው ደቂቃ ላይ የኔታ ጥቂት ሳሉ፤ ያ እኛ ቀድሞ ቈርጠን የምንጥለው ሳል ነው። እማሆይም ወዲያው ከመደቡ ላይ እጃቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ምነው እማሆይ?» አልናቸው።

«ውሃ ሊሉ ነው» አሉን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።